ለማያልቅ ሕመም ገንዘብ ማሰባሰብ፦ ከጎጃም ለታማሚና ለአስታማሚ የተጻፈ ዝርዝር መመሪያ

ሁለቱም ኩላሊቶቼ ሥራ ማቆማቸው ሲነገረኝ ፍኖተ ሰላም የሒሳብ መምህር ነበርሁ። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ መኪና ተከራየ፤ ሞንታርቦ ተሰቀለበት፤ ፎቶዬ ያለበት ባነር ተወጠረ፤ «ወንድማችንን እናትርፍ» እየተባለ እስከ ቡሬ ድረስ ተዞረ። ሕዝቡ አላሳፈረንም። ገበሬው ጤፍ ሸጦ ከቋጠረው ላይ እየፈታ ሰጠ። በዚያ ገንዘብ ስምንት ወር የኩላሊት እጥበት (ደምን በማሽን ማጣራት) አገኘሁ።

በዘጠነኛው ወር ገንዘቡ አለቀና ያው መኪና እንደገና ወጣ። አንድ ባለሱቅ፣ በጣም በጨዋ አነጋገር፣ «ባለፈው ተሰብስቦለት አልነበረም እንዴ? አልዳነም?» ብሎ ጠየቀ። ሰውየው ክፋት አልነበረበትም። እኛ «ለሕክምና» ብለን የጠየቅነውን እሱ «ለመዳን» ብሎ ነው የሰማው። የሚድን ሕመምና አብሮ የሚኖር ሕመም ልዩነት እንዳላቸው የነገረው ሰው አልነበረም፤ እኛም ራሳችን ገና አልገባንም ነበር።

ዛሬ የምኖረው ባሕር ዳር በተከራየኋት አንዲት ክፍል ነው። በሳምንት ሁለት ቀን አራት አራት ሰዓት ከማሽን ጋር እውላለሁ። ከዚህ በታች ያለው ያን ጥያቄ ከሰማሁ በኋላ የተማርሁት ነው። ምሳሌዎቼ የኩላሊት ናቸው፤ የልብ፣ የካንሰር፣ የስኳር ወይም ሌላ የዘወትር ሕመም ያለበት ሰው የራሱን ቁጥር እየተካ ሊጠቀምበት ይችላል።

የዓመቱን ወጪ ይቁጠሩ

ሐኪም ቤት የሚነግርዎት የአንድ ጊዜ ዋጋ ነው። ሰው ገቢውን የሚያስበው በወር ነው። ሕመሙ ደግሞ የወርም የዓመትም ድንበር አያውቅም። ስለዚህ ሦስቱን በአንድ ወረቀት ላይ ያገናኙ።

አንድ እጥበት 3,000 ብር ነው እንበል፤ ለማስላት እንዲመች የመረጥሁት ቁጥር ነው፣ የእርስዎን ከሚታጠቡበት ቦታ ይውሰዱ። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚታጠብ ሰው «በወር ስምንት» ብሎ ያባዛና 24,000 ብር ያገኛል። የመጀመሪያው ስሕተት ይህ ነው። ዓመቱ 52 ሳምንት ነው፤ እጥበቱ 104 ይሆናል፤ ጠቅላላው 312,000 ብር ነው፤ ለ12 ሲካፈል በወር 26,000 ይደርሳል። በስምንት የቆጠረ ሰው ዓመቱ ሲዞር ስምንት እጥበት ይጎድለዋል፤ አንድ ሙሉ ወር ማለት ነው። ደመወዝ ጳጉሜን ዘልሎ ያልፋል፤ ኩላሊት አይዘልም። ሐኪሙ በሳምንት ሦስት ጊዜ ካዘዘልዎት ደግሞ ቁጥሩ 156 ነው። ብዙዎቻችን ሁለት ጊዜ የምንታጠበው በቂ ስለሆነ ሳይሆን አቅማችን እዚያ ላይ ስለሚያበቃ ነው። ይህንንም በወረቀቱ ላይ ይጻፉት፤ የሚረዳዎት ሰው የታዘዘውንና የሚያገኙትን ለይቶ ሊያውቅ ይገባል።

ከዚያ ሌሎቹን ይደርድሩ፦ የደም ማነስ መርፌ፣ የግፊት መድኃኒት፣ የላቦራቶሪ ምርመራ፣ የቤት ኪራይ፣ ባጃጅ፣ የአስታማሚው ምግብ። የአስታማሚው ምግብ ሁልጊዜ ይረሳል። እኔን የምታስታምመኝ ታናሽ እኅቴ መጀመሪያ ባወጣነው ወጪ ውስጥ ጭራሽ አልነበረችም፤ ለሦስት ወር ምን እየበላች እንደኖረች ዛሬም አልነገረችኝም።

ሲጨርሱ ዝርዝሩን ሁለት ቦታ ይክፈሉት፤ አንድ ሳምንት እንኳ የማይዘገየውን በአንድ በኩል፣ ሊዘገይ የሚችለውን በሌላ በኩል። ገንዘብ ያጠረ ቀን ሕመም ላይ ሆነው መምረጥ እንዳይኖርብዎ ነው።

የሚገባዎትን ሳይወስዱ ሰው አይጠይቁ

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር አለዎት? ከሌለዎት ከሁሉ በፊት እዚያ ይሂዱ። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ 13 ወረዳዎች ሲሞከር ከአማራ ክልል ከተመረጡት አንዱ የእኛው ደቡብ አቸፈር ነበርና ለጎጃም እንግዳ ነገር አይደለም። ምዝገባና እድሳቱ የተወሰነ ወቅት አለው፤ ካለፈዎት ዓመት ሊጠብቁ ነው። መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች መዋጮውን መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር ስላለ የቀበሌውን መልማይ ኮሚቴ ይጠይቁ።

መድኑ ሁሉን አይሸፍንም። የውጭ አገር ሕክምናና የአካል ንቅለ ተከላ ከሽፋኑ ውጭ ናቸው። የዘወትር እጥበትም ይሸፈናል ብለው አይተማመኑ፤ የወረዳውን የመድን ጽሕፈት ቤት ጠይቀው የተነገረዎትን ከነቀኑ ይጻፉ። «ታዲያ ምን ያደርግልኛል?» ይሉ ይሆናል። ለእኔ የግፊት መድኃኒቱንና ብዙውን ምርመራ አቃልሎልኛል። ከሰው ኪስ የሚወጣው ብር ለእጥበቱ ብቻ ሲውል አንዱ ብር የሁለት ብር ሥራ ይሠራል። ከጤና ጣቢያ ጀምረው ሪፈር እየያዙ መሄድዎን ብቻ አይርሱ፤ በቀጥታ ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሮጠ ሰው ደብተሩን ይዞ ከፍሎ ይመለሳል።

ተቀጣሪ ከሆኑ የሕመም ፈቃድዎን በጽሑፍ ይጠይቁ። የግል ድርጅት ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ በግማሽ፣ ቀሪዎቹ ሦስቱ ያለ ክፍያ። የመንግሥት ሠራተኛ በሌላ ሕግ ይተዳደራል፤ ሰው ሀብት አስተዳደር ሄደው ያስረዱዎት። «ሰዎቹ ያውቃሉ፣ ታምሜ ነው» ብሎ ዝም ማለት አያዋጣም፤ ወረቀት ያላስገባ ሰው እንደ ቀሪ ይቆጠራል።

በትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ አለች። በርዋ ላይ ሰልፍ ስለሌለ ብዙ ሰው መኖሯን አያውቅም። የነፃ ሕክምና ማስረጃ እንዴት እንደሚወጣ፣ የትኛው ማኅበር መድኃኒት እንደሚረዳ የምታውቀው እሷ ናት።

በሬውን አይሽጡ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጎጃም ውስጥ ሰው ሲታመም ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚያደርገው ከብት መሸጥ ነው፤ ሁለተኛ ባሕር ዛፉን፣ አዊ አካባቢ ከሆነ ዲከረንሱን (ለከሰል የሚተከለውን ዛፍ) ሳይደርስ መቁረጥ፤ ሦስተኛ መሬቱን ለረጅም ዘመን ማከራየት። ለአንድ ቀዶ ሕክምና ከሆነ ይሁን። አብሮ ለሚኖር ሕመም ግን ጥንድ በሬ የሸጠ ገበሬ በሚቀጥለው ሰኔ ወይ በሬ ይለምናል፣ ወይ መሬቱን በእኩል ይሰጣል። የበሬው ዋጋ ጥቂት ወር አሳጥቦት የሚቀጥለውን ዓመት እህል ይዞበት ይሄዳል።

የእኔ ደንብ ይህ ነው፦ ምርት የሚሰጠው ነገር መጨረሻ ላይ ይሸጣል፤ የማይሰጠው ግን መጀመሪያ። ጌጥ፣ ትርፍ የቤት ዕቃ፣ የደረሰ ዛፍ ሊሸጥ ይችላል። በሬ፣ የምትታለብ ላም፣ የልብስ ስፌት መኪና አይነኩም። መሬት መከራየቱ ግድ ከሆነም በአጭር ዘመን፣ በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት በተመዘገበ ውል ይሁን። ሰው ሲታመምብዎ «ለአሥር ዓመት ስጠኝና አሁኑኑ ልክፈልህ» የሚል ጎረቤት አይጠፋም፤ የሚያየው ጭንቀትዎን ነው።

ወረቀቱን ያዘጋጁ

የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው፦ የሕመሙን ስምና የሚያስፈልገውን ሕክምና የሚገልጽ ማኅተም ያለበት የሐኪም ማስረጃ፤ ዋጋውን የሚያሳይ ፕሮፎርማ፤ መታወቂያ፤ ነዋሪነትዎንና አቅምዎን የሚመሰክር የቀበሌ ደብዳቤ። ለውጭ አገር ሕክምና ከሆነ የሕክምና ቦርድ ውሳኔ ይጨመራል፤ ባንክም የውጭ ምንዛሪ ሲጠይቁት ያንኑ ሊጠይቅዎት ይችላል።

ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንሥተው ለሁለት ሰው ይላኩ። ለሕዝብ በሚለጥፉት ቅጂ ላይ የካርድ ቁጥርዎን፣ የመታወቂያ ቁጥርዎንና የቤት አድራሻዎን ይሸፍኑ። ሌላም ነገር አለ፤ ገና አቅም ሳለዎት ለሚያምኑት ሰው በውልና ማስረጃ ውክልና ይስጡ። ሰው ራሱን ስቶ ከተኛ በኋላ የባንክ ሒሳቡን ማንቀሳቀስ ለቤተሰብ ሌላ በሽታ ነው።

ገንዘቡን ማን ይይዛል?

በመጀመሪያው ዙር ገንዘቡ የገባው በአንድ የቅርብ ዘመዴ ሒሳብ ነበር። አልሰረቀኝም። ግን የራሱም ገንዘብ እዚያው ስለነበረ የእኔ የቱ፣ የሱ የቱ እንደሆነ ሁለታችንም ማስረዳት አቃተን፤ ሐሜቱ ከፍኖተ ሰላም ደምበጫ ደረሰ። ዛሬም ሰላምታችን እንደ ቀድሞው አይደለም።

ስለዚህ አዲስ ሒሳብ ይክፈቱ፤ ሌላ ምንም ገንዘብ የማይገባበት፣ ቢያንስ በሁለት ሰው ጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ። ሦስት ሰው ይምረጡ፦ አንድ ከቤተሰብ፣ አንድ ከሥራ ባልደረባ፣ አንድ ሰፈሩ ሁሉ የሚያምነው ሽማግሌ ወይም ካህን። ሦስቱም የአንድ ቤት ሰዎች ከሆኑ ኮሚቴ መባሉ ቀርቶ ቤተሰብ ነው። ከሦስቱ አንዱ ደብተር መያዝ የሚወድ ሰው ይሁን፤ እንዲህ ዓይነት ሰው በየሰፈሩ አለ፣ ብዙውን ጊዜ የዕድር ጸሐፊ ሆኖ ያገኙታል።

አብዛኛው ክፍያ በቀጥታ ለሕክምና ተቋሙ ይፈጸም፤ ደረሰኙ ይቀመጥ። ለኪራይና ለምግብ የሚወጣው በወር አንድ ጊዜ የተወሰነ መጠን ሆኖ ይሰጥዎ። በየቀኑ «ለባጃጅ ስጡኝ» እያሉ መጠየቅ ሰውን ያሳንሳል።

ልመናውን ወደ እጥበት ይቀይሩ

የዚህ ጽሑፍ እምብርት ይህ ነው። «312,000 ብር እርዱኝ» ሲባል ሰው ደንግጦ 100 ብር ይሰጥና ይሄዳል፤ ተራራ ነዋ። «የመጪው ማክሰኞ እጥበት ባለቤት የለውም» ሲባል ግን ነገሩ በእጅ የሚያዝ ይሆናል። እኔ 104 መስመር ያለው ሰንጠረዥ አወጣሁ። በእያንዳንዱ መስመር አንድ ቀን አለ፤ በቀኑ ትይዩ የሚወስደው ሰው ወይም ቡድን ይጻፋል። ድሮ ያስተማርኋቸው የአንድ ክፍል ልጆች በየወሩ አንድ ቀን ወሰዱ። የመምህራን ክፍሉ አንድ። ሰንበቴው አንድ። አንዲት ሻይ ቤት ያላት ሴት ከደንበኞቿ ጋር ሆና በሁለት ወር አንድ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንባላለን። እውነት ነው፤ ግን ሎሚው በየወሩ ተመልሶ የሚመጣ ከሆነ ሰዎቹም በየወሩ የሚመለሱ መሆን አለባቸው። አንድ ጊዜ 5,000 ብር ከሚሰጥዎ ሰው ይልቅ በየወሩ 300 የሚልክልዎት ሰው እንቅልፍ ያስተኛዎታል። እነዚህን «የወር ሰዎች» እንላቸዋለን። ሲጠይቋቸው የሚችሉትን ሳይሆን ሳይሰማቸው የሚሰጡትን ይጠይቁ፤ በእልልታ 2,000 ቃል የገባ ሰው በሦስተኛው ወር ስልክ አያነሣም፣ አለማንሣቱም አሳፍሮት መንገድ ይቀይራል። ገንዘቡንም ሰውየውንም ያጣሉ።

ዕድር ላይ አንድ ነገር ልበል። ብዙው የዕድር ደንብ ለሞተ እንጂ ለታመመ አይከፍልም። ደንቡን ጥሰው እንዲከፍሉ አይለምኑ፤ በጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ እንዲያዝ ዳኛውን አስቀድመው ያነጋግሩ። 150 አባል ያለው ዕድር እያንዳንዱ በወር 20 ብር ቢጨምር 3,000 ነው፤ በምሳሌያችን አንድ እጥበት። ይህን ስሌት በጥቁር ሰሌዳ እንደማስተምር አድርጌ በጉባኤው ፊት ሠራሁት። አንድ አዛውንት «ከሞተ በኋላ ድንኳን ከምንተክልለት አሁን ውኃውን እናስወጣለት» አሉ፤ ጉባኤው ሳቀ፤ ተፈረመ።

ለጽዋ ማኅበር ሙሴውን (የማኅበሩን መሪ)፣ ለቤተ ክርስቲያን የንስሐ አባትዎን፣ ለመስጊድ ኢማሙን ያናግሩ። በራስዎ ተነሥተው ከቅዳሴ በኋላ አይናገሩ፤ ሌላ ሰው ሲናገርልዎት ይሻላል።

ወቅቱን ይወቁ

ገበሬን በነሐሴ ገንዘብ መጠየቅ ግፍ ነው። ጎተራው ባዶ ነው፤ የማዳበሪያ ዕዳው ገና ነው። ጥርና የካቲት እህል ተወቅቶ የሚሸጥበት ነው፤ ያን ጊዜ ይጠይቁ፣ ከጥር ሠርግ ጋር እየተሻሙም ቢሆን። ገንዘብ የሌለው ግማሽ ኩንታል በቆሎ ቢሰጥ ይቀበሉ፤ ወይ ለአስታማሚው ቀለብ ይሆናል፣ ወይ ክረምት ላይ ዋጋው ሲጨምር ይሸጣል። ደመወዝተኛን ደመወዝ በወጣ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ያስታውሱት። በሰንጠረዡ ላይ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ያሉትን ቀናት ለደመወዝተኛውና ውጭ አገር ላለው፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያሉትን ለገጠሩ ዘመድ ይስጡ።

የሚለጠፈው ጽሑፍ

ለቅሶ አይጻፉ። ሰው በስልኩ ላይ ለቅሶ ሲያይ አውራ ጣቱ ያልፈዋል። አጭር፣ ቁጥር ያለው፣ እውነቱን የማይሸፍን ይሁን። የእኔ፣ ዋጋው በምሳሌያችን ቁጥር ተተክቶ፣ እንዲህ ይላል፦

«ፍኖተ ሰላም ሒሳብ አስተምር ነበር። ሁለቱም ኩላሊቶቼ ሥራ ስላቆሙ በሳምንት ሁለት ጊዜ ደሜ በማሽን ይታጠባል። እጥበቱ አይፈውሰኝም፤ በሕይወት ያቆየኛል። አንዱ እጥበት 3,000 ብር ነው። በቀጣዮቹ 26 ሳምንታት ከሚያስፈልጉኝ 52 እጥበቶች 31ዱ ባለቤት አግኝተዋል፤ 21 ቀርተዋል። ብቻዎን ወይም ከጓደኞችዎ ጋር አንዱን ይውሰዱ። ከመላክዎ በፊት ስልክዎ የሚያሳየው የሒሳብ ባለቤት ስም ከዚህ በታች ከተጻፈው ጋር ካልተመሳሰለ አይላኩ። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ገቢና ወጪውን እዚሁ እናወጣለን።»

«አይፈውሰኝም» የምትለውን ቃል ብዙ ሰው አውጣት ብሎኛል። የባለሱቁን ጥያቄ የምትመልሰው እሷ ስለሆነች አላወጣኋትም።

ፎቶው ፊትዎን በደኅና ልብስ የሚያሳይ ይሁን። አንገት ላይ የተተከለ ቱቦ፣ የተራቆተ ደረት፣ የሚያለቅስ ልጅ አይለጠፍ፤ ልጁ ነገ ትምህርት ቤት ይሄዳል። የስሙ ነገር የተጻፈው ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም፦ የታማሚን ፎቶ ወስደው የሒሳብ ቁጥሩን ቀይረው የሚለጥፉ አሉ። በቴሌግራምና በፌስቡክ ስምዎን አልፎ አልፎ ይፈልጉ። ደውሎ «ገንዘብ ልልክልህ ነው፣ በስልክህ የመጣውን ቁጥር ንገረኝ» የሚል ሰው ሌባ ነው፤ ለመቀበል ማንም የሚስጥር ቁጥር አያስፈልገውም።

መኪናና ሞንታርቦ

አልነቅፈውም፤ ስምንት ወር አኑሮኛል። ግን መጨረሻ ላይ የሚወጣ ጥይት ነው፤ ለአንድ ከተማ አንድ ጊዜ። ለንቅለ ተከላ ወይም ለቀዶ ሕክምና፣ ማለትም መጨረሻ ላለው ነገር ያስቀምጡት። ከመውጣትዎ በፊት ከከተማው አስተዳደርና ከፖሊስ የፈቃድ ደብዳቤ ይያዙ፤ የሳጥኑ ቁልፍ ሁለት ይሁንና ሁለት ሰው ይያዘው፤ በዚያው ምሽት ሦስት ሰው ባለበት ተቆጥሮ ይፈረም፤ በማግስቱ ባንክ ይግባ። «በኮሚሽን እናሰባስብልዎ» የሚሉ ካሉ በትሕትና ያሰናብቱ። ታማሚው ራሱ ፀሐይ ላይ መኪና ውስጥ ተቀምጦ አይዙር። እኔ ዞሬያለሁ፤ በማግስቱ የተኛሁት አልጋ ካሰባሰብነው ላይ በላ።

ውጭ አገር ያሉ ወገኖች

ጎፈንድሚ (በኢንተርኔት ገንዘብ የሚሰበሰብበት ድረ ገጽ) ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ የሚከፈት አይደለም፤ አሜሪካ ወይም ሌላ አገልግሎቱ ባለበት አገር የሚኖር ዘመድ በራሱ ስምና ባንክ መክፈት አለበት። አሜሪካ ውስጥ ከእያንዳንዱ ስጦታ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይቆረጣል። ከ20 ዶላር ላይ 88 ሳንቲም ያህል ነው፤ ከ5 ዶላር ላይ 45 ሳንቲም ገደማ፣ ዘጠኝ በመቶ ማለት ነው። ስለዚህ ትንንሽ ስጦታ እዚያ አይሰብስቡ፤ አምስት አምስት ዶላር የሚሰጡት በአንድ ሰው እጅ ይጠራቀሙ።

የተሰበሰበውን በአንድ ጊዜ አያስልኩ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪ ዋጋው በገበያ የሚወሰን ስለሆነ፣ ገንዘቡ በዶላር ቆይቶ የሁለት ወር የሁለት ወሩ ቢላክ ይሻላል። ዘመድዎ የግብር ጥያቄ እንዳይመጣበት ማን እንደሰጠ፣ ምን እንደተላከ ይመዝግብ። የጊዜ ልዩነቱንም ያስቡለት፤ እኛ ማለዳ ቡና ስናፈላ እሱ ከሥራ ደክሞ ሊተኛ ነው።

አካልዎን ከዘመቻው ይጠብቁ

ገንዘብ ማሰባሰብ ሥራ ነው፤ ታማሚ ደግሞ ሙሉ ሠራተኛ አይደለም። እጥበት የዋልሁበት ቀን ስልክ አላነሣም። በማግስቱ ጧት ሁለት ሰዓት ያህል እሠራለሁ፤ የቀረውን ለኮሚቴው እተዋለሁ። የሚያመሰግኑ መልእክቶችን እኔ እጽፋለሁ፤ የሚያስታውሱትን ሌላ ሰው ይጽፋል።

ጠያቂ ሙዝና ብርቱካን ይዞ ይመጣል። ፖታሲየም አላቸውና ለብዙዎቻችን የተከለከሉ ናቸው፤ ልብን ሊያቆሙ ይችላሉ። እኔ በቤቴ በር ላይ «ፍራፍሬ አልበላም፤ የባጃጅ ግን እቀበላለሁ» የምትል ወረቀት ለጠፍሁ። እኅቴ ታፍርበታለች፤ ይሠራል ግን። ጠበልም እንዲሁ። ጎጃም ተወልዶ ጠበል አልሄድም የሚል የለም፤ እኔም እጠመቃለሁ። መጠጣቱ ላይ ግን ውኃ የማያስወጣ ሰውነት ያበጠ እንደሆነ ትንፋሽ ይዘጋል፤ ልኩን ከሐኪሙ ጠይቄ ለአጥማቂው አባት ነገርኋቸው፤ «ጠብታዋም ትበቃለች» አሉኝ። ፊስቱላ (ለእጥበቱ ሲባል በቀዶ ሕክምና የተገናኘ የደም ሥር) ያለበት ክንድ ዕቃ አይሸከምም፣ ግፊት አይለካበትም፤ ለሰላምታ የሚጎትትዎት ሰው ሲመጣ ሌላውን ይስጡ።

መንገድና ስልክ ሲቋረጥ

ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደብረ ማርቆስ 265። መንገድ የተዘጋ ዕለት ይህ ርቀት ባሕር ይሆናል። በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ በቴሌግራም ቡድን ብቻ የተደገፈ ታማሚ ሁሉ ተቸግሯል። የወር ሰዎችዎን ስልክ ቁጥር በደብተር ይጻፉ። ለቴሌብር በ*127#፣ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ*889# ያለ ኢንተርኔት መላክ እንደሚቻል ለሁሉም ይንገሩ። የአራት እጥበት ዋጋ ምንም ቢሆን የማይነካ ሆኖ ይቀመጥ፤ የተወሰነውም በጥሬ ገንዘብ። ጉዞ የሚበዛብዎት ከሆነ ማሽኑ ወዳለበት ከተማ መግባቱን ያስቡበት። ኪራዩ ይጎዳል፤ ያመለጠ እጥበት ግን የበለጠ ይጎዳል።

ስለ ንቅለ ተከላ

በ2008 ዓ.ም. ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከጀመረ ወዲህ በአገር ውስጥ ይሠራል፤ በተለመደው አሠራር ለጋሹ ዘመድ ነው። ቤተሰብዎ ውስጥ የሚሰጥ ካለ ዘመቻው መልኩን ይቀይራል። ሲያቅዱ ግን ለቀዶ ሕክምናው ብቻ አያቅዱ፤ አካሉ አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋው የሚወሰደው መድኃኒት የዕድሜ ልክ ነው። ለጋሹም ለወራት ከሥራ ይርቃል፤ የእሱ ቤት ወጪ ከሰንጠረዡ መጀመሪያ ላይ ይግባ። እኔ ለጋሽ የለኝም። ስለዚህ የምጽፈው የ104ቱን ነው።

በየወሩ ያሳውቁ

ወር በገባ በአምስተኛው ቀን አራት መስመር ብቻ፦ የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ፣ ባለቤት ያላገኙ ቀናት። ገቢው ትንሽ የሆነበት ወርም ይውጣ። የሰጪዎችን ስም ሳይጠይቁ አይዘርዝሩ፤ አንዳንዱ ሚስቱ እንድታውቅ አይፈልግም፣ አንዳንዱ እንድታውቅ ይፈልጋል። አንድ ቀን ሪፖርቱ ላይ የ200 ብር ስሕተት ወጣ፤ ሳይጠይቁን በማግስቱ አረምን። በዚያ ሳምንት ሦስት አዲስ የወር ሰዎች መጡ።

አሁን ሰው የማይወደው ክፍል። የተረፈው ገንዘብ ምን ይሆናል? እኔ ሳልፍ በሒሳቡ ላይ የሚቀረው ለቀብር ድግስ እንዳይውል፣ ዘመድም እንዳይጣላበት፣ ሦስቱ የኮሚቴ ሰዎች ባሉበት አንድ ወረቀት ጽፌ ፈርሜያለሁ። እንዲህ ይላል፦ «የሁለት ወር የቤት ኪራይና የእኅቴ መመለሻ ተቀንሶ፣ ቀሪው ከእኔ ጋር ማክሰኞና ዓርብ ከሚታጠቡት መካከል በዚያ ሳምንት ቀኑ ባለቤት ያላገኘለት ሰው ይታጠብበት።» ወረቀቱ በደብተሩ መጨረሻ ገጽ ተለጥፏል፤ ቅጂው የዕድሩ ጸሐፊ ዘንድ ነው።